ስም ስንቀይር የድሮውን የት እናስቀምጠው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የትምህርት ክፍላችን ኮምፒውተር ውስጥ ላሉት ማውጫዎች ስም ያወጣላቸው ግን መልአክ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ያወጣነው እኛው ነን። ከሦስቱ መጥፎውን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ ኮርስ ማሟያ ሦስት ተማሪዎች ሆነን፣ ትምህርት ክፍሉ ስለ አራዳና ስለ ፒያሳ ያጠራቀማቸውን ፎቶግራፎችና የጋዜጣ ቁርጥራጮች ኮምፒውተር ላይ እንድንመዘግብ ታዘዝን። ከስድስት መቶ በላይ ናቸው። አንዳንዱ ፎቶ ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለው፤ አብዛኛው የለውም። ዳታቤዙን የሠራልን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ነው። (ክፍያው የአንድ ሳምንት ምሳ ነበር፤ እስካሁን የሁለት ቀን ዕዳ አለብን።)

ለማያውቅ ሰው ማውጫ፣ በእነሱ አጠራር ኢንዴክስ፣ ምን እንደሆነ ላስረዳ። አንዳንድ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ «ምኒልክ፣ ገጽ 14፣ 87፣ 203» እያለ የሚዘረዝር ገጽ አለው አይደል? እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ስድስት መቶውን ፎቶ አንድ በአንድ ከሚያገላብጥ ማውጫውን ያይና በቀጥታ ወደሚፈለገው ይሄዳል። ማውጫው ራሱ ፎቶ አይደለም፤ ፎቶው የት እንዳለ የሚናገር ነው። ለማውጫው ደግሞ ስም ይሰጠዋል። ስሙ ለማሽኑ ምኑም አይደለም፤ «በግ» ብትሉትም ሥራውን ይሠራል። ስም የሚያስፈልገው ለሰው ነው።

መጀመሪያ «ቦታ» የሚባል ማውጫ ነበረን። ከዚያ አንዱ የቡድናችን ልጅ ቦታውን ከነዓመተ ምሕረቱ የሚያወጣ ሌላ አስፈለገውና «ቦታ_አዲስ» ብሎ ሠራ። ቀጥዬ እኔ መጣሁና «ቦታ_አዲስ_2» ጨመርኩ። ለምን 2 እንዳልኩት ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የቱ ምን እንደሆነ የሚናገር ሰው ጠፋ። እኔም አንድ ማታ ላብራቶሪ ቁጭ ብዬ «ቆይ ላጽዳው» አልኩ። «ቦታ» የነበረውን «ቦታ_አሮጌ» አልኩት፤ «ቦታ_አዲስ_2»ን ደግሞ አንሥቼ «ቦታ» አልኩት። የስም መቀየሪያው ትእዛዝ አንድ መስመር ነው፤ ወዲያው አለቀ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በነጋታው መምህራችንና ተማሪው ፊት ስናቀርብ መፈለጊያው ላይ «ጊዮርጊስ» ብለን ጻፍን። የመጣው ፎቶ አልነበረም። «ቦታ_አዲስ_2 የሚባል ቁልፍ በሠንጠረዡ ውስጥ የለም» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ጓደኛችን የመፈለጊያውን ገጽ ሲጽፍ ይፈጥናል ብሎ «በዚህ ማውጫ ፈልግ» ሲል ስሙን ጠርቶት ኖሯል። ያም ሳያንስ አንዱ የቡድናችን ልጅ ደብተሩ ላይ ከሳምንት በፊት «ቦታ ይሰረዝ፣ አያስፈልግም» ብለን ያጻፍነው ማስታወሻ ነበረውና፣ ያንኑ ማታ ከቤቱ ገብቶ «ቦታ»ን ሰረዘው። የሰረዘው ግን አሮጌውን ሳይሆን እኔ ከደቂቃዎች በፊት በአሮጌው ስም የጠራሁትን አዲሱን ነው። ልጁን ልወቅሰው አልችልም። የተጻፈለትን ነው ያደረገው።

ልብ በሉ፤ ከፎቶዎቹ አንዱም አልጠፋም። ሁሉም በቦታው ነበር። ሁለት ስሕተት ግን ተሠርቷል። አንደኛው የድሮ ስም ወዴት እንደሄደ ሳልናገር መቀየሬ ነው። ሁለተኛውና የባሰው፣ አንድ ነገር ይጠራበት የነበረውን ስም አንሥቼ ለሌላ ነገር መስጠቴ ነው። በስም ያልጠራ ሰው ምንም አይሆንም፤ በስም የጠራ ግን ወይ በሩ ይዘጋበታል፣ ወይ የማያውቀው ቤት ይገባል።

ይህን ጉድ ይዤ ያን ቀን ከጊዮርጊስ ወደ ታች በእግሬ ስሄድ ፒያሳ ራሷ እንደኛ ሠንጠረዥ ሆና ታየችኝ።

አራዳ በምኒልክ ዘመን ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው የትልቁ ገበያ ስም ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሰፈር አዛወረው፤ እዚህ ደግሞ በቋንቋው አደባባይ ማለት የሆነውን «ፒያሳ»ን ትቶ ሄደ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ቃሉ አልወጣም። «አራዳ» በበኩሉ አሁን የክፍለ ከተማ ስም ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጽል ነው፤ በዚያ ላይ «እሱ እኮ አራዳ ነው» ስንል የሰው ጠባይ ነው። የ1910ሩን «አራዳ»ና የዛሬውን «አራዳ» በአንድ ማውጫ ሥር የከተተ ተማሪ ገበያውንና አስተዳደሩን አንድ አድርጎ ይጽፋል። የጻፈ አለ፤ ስሙን አልናገርም፤ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ነበርኩ።

ፒያሳ ውስጥ ማንም ሳያዝዝ የቆሙ ስሞች ደግሞ አሉ። ሰባራ ባቡርን ውሰዱ። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዝያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ተበላሽቶ የቀረበት ነው ይባላል፤ መኪናው ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን ታክሲ ያስቆማል። ማህሙድ ሙዚቃ ቤትም እንደዚሁ ነው። ስንቱ ፍቅረኛ እዚያ በር ላይ እንደተቃጠረ የሚቆጥር የለም። ደጎል አደባባይ፣ ቸርችል ጎዳና የሚሉት ከላይ የተሰጡ ስሞች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ሲለመዱ ሰው ይዟቸዋል። ማን እንደሰየመው ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ አንዱ ስም በሌላው ሲተካ በመካከል ያለው ድልድይ መጥፋቱ ነው።

ከፒያሳ ሽቅብ ስድስት ኪሎ ውጡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ ውስጥ ለፈጀው ሕዝብ የቆመው ሐውልት ያለበት አደባባይ «የካቲት 12» ነው። አጠገቡ ያለው፣ ቀድሞ ቤተ ሳይዳ ይባል የነበረው ሆስፒታል «የካቲት 12» ነው። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ደግሞ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «የካቲት 12» ተብሎ ለብዙ ዓመታት ሲጠራ ኖሮ በቅርብ ጊዜ የእቴጌ መነን ስም ተመልሶለታል። ቀኑ መታሰብ ያለበት ቀን ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን «የካቲት 12 አጠገብ አደጋ ደረሰ» የሚል የቆየ ዜና ስታገኙ የት ሄዳችሁ ታጣራላችሁ? ለጓደኛችን ይህንን ስነግረው ሳቀና «ስድስት ኪሎ ማይኤስኪውኤል ነው» አለኝ። እኛ የተጠቀምንበት ማይኤስኪውኤል የማውጫ ስም በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳይደገም ብቻ ነው የሚከለክለው፤ ሌላ ሠንጠረዥ ላይ ያንኑ ስም ብትደግሙ ዝም ይላል። ፖስትግሬስ የሚባለው ግን በአንድ ስኪማ ውስጥ ሁለት ማውጫ በአንድ ስም አያስገባም፤ «ይህ ስም ተይዟል» ብሎ ይመልሳችኋል። ከተማ እንደዚያ ብሎ የሚመልስ የለውም።

ወመዘክርንም ታውቃላችሁ። በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር። ከዚያ በኋላ ስሙ ስንቴ ተቀየረ፤ ኤጀንሲ ሆነ፣ አሁን አገልግሎት ነው። ሰዉ ግን ከድሮው ስም ግማሹን፣ ያውም «ወ» የምትለዋን የግዕዝ «እና» ጭምር ይዞ ቀረ። «ወመዘክር ሄጄ ነበር» ትላላችሁ፤ «የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ሄጄ ነበር» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። በሁለቱም ስም የሚፈልግ ሰው እኩል ማግኘት አለበት።

ስሙ ፈጽሞ ያልተቀየረም ቢሆን አያመልጥም። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ስሙን ይዞ የኖረውን የሀገር ፍቅርን ነገር ተመልከቱ። ከቁርጥራጮቻችን መካከል «ሀገር ፍቅር» አለ፣ «አገር ፍቅር» አለ፣ «ሃገር ፍቅር» አለ። ስናነብ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ፣ ሐና ኀ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለማሽኑ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ስለዚህ መፈለጊያው ላይ «ጸጋዬ» ብሎ የጻፈ ተማሪ «ፀጋዬ» የተባለውን ሳያይ ይወጣና «ስለ ሰውየው ብዙም አልተጻፈም» ብሎ ይደመድማል።

ሁለቱም ችግር፣ የፊደሉም የስም ቅየራውም፣ አንድ ላይ የተገናኙበት ፒያሳ መሀል ነው። የካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ግንባታው ለዓመታት ሲካሄድ ዜናው ላይ «አድዋ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር ፕሮጀክት» ነበር የሚባለው። አንዳንዱ በዐይኑ «ዓ» ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ በአልፋው «አ»፤ ዜሮውን በቁጥር የጻፈ አለ፣ በፊደል የጻፈ አለ። እኛ መዝገብ ውስጥ «ዓድዋ ድል መታሰቢያ» ብላችሁ ብትፈልጉ ሕንጻው አንድ ቀን ከመሬት ብቅ ያለ ነው የሚመስላችሁ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ሌላ ስም ሥር ተቀምጧል።

እዚህ ድረስ ያነበበ «ታዲያ ምን ይጠበስ? የፎቶ ነገር ነው» ሊለኝ ይችላል። የአያቴን ጉዳይ የማነሣው ለዚህ ነው።

አያቴ ዶሮ ማነቂያ ነው የኖረችው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እሷም ከተነሡት አንዷ ናት። አሁን ከኛ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ዓመት አሜሪካ ያለችው አክስቴ ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይዋ የእናትና ልጅነት ማስረጃ ተጠየቀች። ማስረጃው ያለው ድሮ ቀበሌ የተሞላው የቤተሰብ ቅጽ ላይ ነው። (አክስቴ እዚያ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፤ እዚህ ቅጹ ላይ በራሷ ስም ናት፤ እሱን ለማስረዳትም አንድ ደብዳቤ ፈጅቷል።) አያቴ የያዘችው ወረቀት የ1989 ዓ.ም. ነው። ወረዳ ይላል፣ ቀበሌ ይላል፣ የቤት ቁጥር ይላል። ቁጥሮቹን እዚህ አልጽፍም፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ወረቀቱን ይዘን የሄድንበት ቢሮ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ አስገባች።

«እማማ፣ በዚህ ወረዳና በዚህ ቁጥር የሚያሳየኝ ሌላ ሰው ነው» አለቻት።

«ሌላ ሰውማ እንዴት ይሆናል የኔ ልጅ? ወረቀቱ የኔ ነው፤ ማኅተሙም የናንተው ነው።»

ሦስት ጊዜ ተመላለስን። አንዴ ፋይሉ የለም ተባልን፤ አንዴ ሌላ ወረዳ ሂዱ ተባልን፤ የተባልንበት ወረዳ ደግሞ መልሶ እዚያው ሰደደን። አክስቴ ከዋሽንግተን በየማታው ትደውላለች፤ የተሰጣት ቀን እየቀረበ ነው። አያቴ ማታ ማታ መተኛት አቃታት። «ልጄን ወልጄአታለሁ ብዬ ለማስረዳት በዚህ ዕድሜዬ ወረፋ ልያዝ?» እያለች።

በአራተኛው ቀን መዝገብ ቤት የሚሠሩ፣ ጡረታቸው የቀረበ ሰውዬ ወረቀቱን አዩና ወዲያው አወቁት። «ይሄ ወረዳ የዛሬው ወረዳ አይደለማ!» አሉ።

ነገሩን ሲያስረዱን ራሴን ያዝኩ። በደርግ ጊዜ፣ በ1967ቱ አዋጅ ቀበሌ ከተመሠረተ በኋላ፣ ከቀበሌ በላይ ያለው ከፍተኛ ይባል ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተማ ተከፈለች፤ የድሮው ወረዳ ቀረና በክፍለ ከተማው ሥር ቀበሌ ብቻ ሆነ፤ ቀበሌዎቹም ተጨፍልቀው ቁጥራቸው ተቀየረ። ከዓመታት በኋላ ያ ቀበሌ ስሙ ተለወጠና «ወረዳ» ተባለ። ስለዚህ የ1989 «ወረዳ» እና የዛሬው «ወረዳ» በስም አንድ፣ በነገሩ የተለያዩ ናቸው። ልክ እኔ «ቦታ»ን አንሥቼ ለሌላው እንደሰጠሁት። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ የተጻፈላትን ነው የፈለገችው። የእኛን ቡድን ልጅ አስታወሰችኝ።

ሰውዬው ከመሳቢያቸው ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር አወጡ። በእጃቸው ያሰመሩት ነው። በግራ በኩል ከፍተኛና ቀበሌ፣ ቀጥሎ የ80ዎቹ ወረዳና ቀበሌ፣ ቀጥሎ የ1995ቱ፣ በመጨረሻ የዛሬው። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱና መደርደሪያው ወዳለበት ክፍል ገቡ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የአክስቴ ስም ያለበት፣ ጠርዙ የተበላ ቅጽ ይዘው ወጡ። አያቴ ቅጹን ሳመችው።

«ይህንን ደብተር ማን አዘዘዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ማንም። ሰው ሲመላለስ ማየት ሰለቸኝ» አሉ።

ያ ደብተር ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ መሳቢያው ውስጥ ይቀር ይሆን፣ ወይስ አብሯቸው ይሄድ ይሆን እያልኩ እስካሁን አስባለሁ። በተለይ አሁን። ሰፈሩ በነበረበት ጊዜ «ከማን ቤት ጀርባ» ብሎ የሚያሳይ ጎረቤት ነበረ፤ ስም ቢምታታም እግር ያገኘዋል። ዶሮ ማነቂያ ዛሬ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ የተረፈው መዝገቡ ብቻ ነው፤ መዝገቡ የሚከፈተው ደግሞ በስም ነው።

የሚቃወሙኝ አሉ፤ አውቃለሁ። ይህንን ሐሳብ ክፍል ውስጥ ሳነሣ አንድ ልጅ «ታዲያ የጣልያንን ስም፣ የወደቀ መንግሥት ስም ተሸክመን እንኑር ወይ? ሰው አዲሱን ይልመድ እንጂ» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጣልያን ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለውን የምኒልክ ሐውልት ሲያነሣ ዐውቆ ነው፤ ማጥፋት የፈለገው ስሙን ጭምር ነበር። ነጻነት ሲመለስ ሐውልቱን የመለሱት ሰዎችም ዐውቀው ነው። የእቴጌ መነንን ስም ያወረዱትም፣ መልሰው የሰቀሉትም እንዲሁ የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ታፔላ ላይ ማን ይጻፍ የሚለው ክርክር ይቀጥል፤ እኔም አስተያየት አለኝ፤ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። ማውጫ ላይ ያለ ስም ግን ሹመት አይደለም። «ቤተ ሳይዳ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ንጉሡን አላወደሰም፤ እናቱ የወለደችበትን ሆስፒታል ነው የሚፈልገው። የድሮውን ስም ከታፔላው ብናወርደው ከማውጫው የምናወርድበት ምክንያት አይታየኝም። የድሮ ቤተ መጻሕፍት ካርዶች ላይ «ተመልከት» የምትል ቃል ነበረች፤ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ተመልከት»። ይኸው ነው። አንዲት ካርድ።

«ሰው ይልመድ» ለሚለው ደግሞ መልሴ አጭር ነው። አያቴ አዲሱን ለምዳለች፤ ከማንም በላይ። ከፍተኛን ለምዳ፣ ዞንን ለምዳ፣ ክፍለ ከተማን ለምዳ ነው እዚህ የደረሰችው። ያልለመደው ወረቀቷ ነው።

ወደ ክፍላችን ልመለስ። ከዚያ ጉድ በኋላ ዳታቤዙን እንደገና ሠርተነዋል። «አዲስ»፣ «አሮጌ»፣ «የመጨረሻ» እና ባዶ ቁጥር የማውጫ ስም ውስጥ እንዳይገቡ ተስማምተናል፤ ዛሬ አዲስ የሆነው በሚቀጥለው ሴሚስተር አሮጌ ነውና። ማውጫው መጀመሪያ የሠንጠረዡን፣ ቀጥሎ የዓምዱን ስም ይይዛል፤ «ፎቶ_ቦታ» እንደማለት። ጓደኛችን አንድ ቀን ወደ ፖስትግሬስ እንወስደዋለን እያለ ስለሆነ ስሙን አጭር አድርገነዋል፤ እዚያ ስም ከ63 ባይት ካለፈ ትርፉ ይቆረጣል፣ አንድ የኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይበላል። 21 ፊደል ብቻ! የእንግሊዝኛው 63 ሲያገኝ። (ይህም በደል ነው፤ ግን ለማን አቤት ይባላል?) ስም ስንቀይር ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን እንደቀየረው በአንድ ደብተር ይጻፋል፤ የተጣለ ስም ለሌላ ማውጫ አይሰጥም። መፈለጊያው ገጽም ከእንግዲህ ማውጫ በስሙ አይጠራም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ይምረጥ ብለነዋል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብን የቦታዎች ስም ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ቦታ የማይለወጥ አንድ ቁጥር አለው፤ በዚያ ቁጥር ሥር የተጠራባቸው ስሞች ሁሉ «ከ» እና «እስከ» ከሚሉ ዓመታት ጋር ተጽፈዋል፤ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ ፈረንጅ የጻፈው ከሆነ ይለወጣል። ሀገር ፍቅርን በሦስቱም አጻጻፍ ብትፈልጉት ይመጣል፤ ከጀርባ ሐና ኀን ወደ ሀ የሚመልስ ዓምድ አለ፤ ለዓይን የሚታየው ግን ጋዜጣው እንደጻፈው ነው፤ አላረምነውም።

ለቡለቲናችን አዘጋጆችና ለመምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ዜና ስንጽፍ ቦታን ለመጀመሪያ ጊዜ ስናነሣ በጊዜው የነበረውንም የዛሬውንም ስም አንድ ላይ ብንጽፍ ምን ይለናል? «ያኔ ቤተ ሳይዳ በሚባለው፣ በዛሬው የካቲት 12 ሆስፒታል» ለማለት የሚፈጀው ሦስት አራት ቃል ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ የኛን ቁርጥራጭ የሚመዘግብ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይኖራልና።

አያቴን ባለፈው ቅዳሜ ላብራቶሪ አምጥቻት ፎቶዎቹን አሳየኋት። በኛ መዝገብ ላይ «ያልታወቀ መንገድ» ከተባሉት ውስጥ አሥራ አንዱን አወቀቻቸው። አንዱን ጥግ «ይሄማ ከሰል ተራችን ነው» አለችኝ፤ በየትኛውም ጋዜጣ ላይ ያላገኘነው ስም ነው። «ከ» የሚለው ላይ «ከልጅነቴ» አለች፤ እሱን ወደ ዓመት ለመለወጥ ብዙ ተከራከርን። «እስከ» የሚለው ላይ 2016 ጻፍኩ።

እናንተም እናት፣ አያት፣ ጎረቤት ዘንድ የአራዳ፣ የዶሮ ማነቂያ፣ የእሪ በከንቱ፣ የሠራተኛ ሰፈር ፎቶ ካለ ዘወትር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪው ክፍት ነው፤ ቃኝተን ፎቶውን እዚያው እንመልሳለን። ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ጀርባውንም አብረን እንቃኘዋለን። ካልተጻፈበት ደግሞ ከመምጣታችሁ በፊት ባለቤቱን ቦታውን ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ጠይቃችሁ በወረቀት ይዛችሁ ኑ።